ባለቤቴ የመክሰር ውሳኔ ሊጠይቅ ነው፤ የእኔ የብድር ስም እንዴት ይጠበቃል?

ከለገጣፎ የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። የጠያቂዋ ባለቤት በግል የንግድ ፈቃድ ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር የሕንፃ መሣሪያ መደብር ከፍተው ሲሠሩ ቆይተዋል። ብረትና ሲሚንቶ በዱቤ የወሰዱ ሥራ ተቋራጮች አልከፈሏቸውም፤ የባንክ ብድራቸውም ለወራት ሳይከፈል ተጠራቅሟል፤ አሁን ጠበቃቸው ፍርድ ቤት ቀርበው የመክሰር ውሳኔ እንዲጠይቁ መክረዋቸዋል። ጠያቂዋ ራሳቸው በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ ከጋብቻ በፊት በዕጣ የደረሳቸው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቤት አላቸው፤ የቤቱንም ዕዳ በየወሩ ከደመወዛቸው ይከፍላሉ። ባለቤታቸው ሲበደሩ «አንድ ወረቀት» ላይ መፈረማቸውን ያስታውሳሉ፤ ወረቀቱ ምን እንደሚል ግን አያስታውሱም። የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ ስሜ በባንኮች ዘንድ ይበላሻል ወይ? ዘመድ እንደመከረኝ በወረቀት ብንፋታ ይሻላል ወይ? ከመሥሪያ ቤቴ የቁጠባና ብድር ማኅበር ልበደር አስቤ ነበር፤ አሁንም እችላለሁ ወይ?

እህቴ፣ ወደ ጥብቅና ከመግባቴ በፊት ዓመታት የሠራሁት በባንክ ብድር ክፍል ስለሆነ፣ ጉዳይዎን ከሁለቱም ወገን ለማየት እሞክራለሁ። በቅድሚያ ሊለዩት የሚገባው ነገር የብድር ስምዎና ንብረትዎ በሕግ ፊት በተለያየ መንገድ የሚሄዱ መሆናቸው ነው። የብድር ስም የሚከተለው ፊርማን ነው፤ ንብረት ግን ጋብቻን ይከተላል። ሰዎች እነዚህን ሁለቱን ቀላቅለው ስለሚያዩ፣ ስማቸው ንጹሕ ሆኖ ሳለ በከንቱ ይሸበራሉ፤ ወይም ስማቸው ንጹሕ ነው ብለው ሲዘናጉ የጋራ ንብረታቸው ለሐራጅ ይወጣል።

ከስምዎ ልጀምር። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የሚያስተዳድረው የብድር መረጃ ማዕከል አለ። ባንኮች ለማን ምን ያህል እንዳበደሩና ተበዳሪው በጊዜው እየከፈለ ስለመሆኑ ለማዕከሉ ያሳውቃሉ፤ አዲስ ብድር ከመፍቀዳቸው በፊትም የአመልካቹን መረጃ ከዚያው ይጠይቃሉ። መረጃው የሚያያዘው ከተበዳሪው ከራሱ፣ በተለይም ከግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ጋር ነው። ስለዚህ ብድሩ የተመዘገበው በባለቤትዎ ስም ብቻ ከሆነ፣ የእሳቸው አለመክፈል ባለትዳር ስለሆኑ ብቻ በእርስዎ ቁጥር ላይ አይጻፍም። ሕዝቡ «ጥቁር መዝገብ» እያለ የሚፈራው ነገር ወደ እርስዎ የሚሻገረው ተባባሪ ተበዳሪ ወይም ዋስ ሆነው ፈርመው ከሆነ ነው።

ይህ ማለት ግን የባለቤትዎ ሁኔታ ከእርስዎ የወደፊት ብድር ጋር ምንም አይገናኝም ማለት አይደለም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ ለመበደርም ሆነ ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን፣ እንዲሁም የጋራ የሆነ ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት የሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት እንዲኖር ያዝዛል። ባንኮች የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ነገ እርስዎ በራስዎ ስም ለመበደር ሲቀርቡ የባለቤትዎ ፊርማ ይፈለጋል፤ እሳቸው ደግሞ የመክሰር ውሳኔ ከተሰጠባቸው ንብረታቸውን እንደ ልብ የማዘዝ ሥልጣን ስለማይኖራቸው፣ የጋራ ንብረት በመያዣነት ለማቅረብ ያስቸግራል። የብድር ባለሙያው ሊከለክልዎ ፈልጎ ሳይሆን፣ ያቀረቡት መያዣ ነገ በባለቤትዎ ሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች ክርክር እንዳይነሣበት ሰግቶ ነው የሚያመነታው። ይህን አስቀድመው ቢያውቁት፣ የግል ንብረትዎ የሆነውን ከጋራው ለይተው የሚያሳዩበትን ማስረጃ ማዘጋጀት ምን ያህል እንደሚጠቅምዎ ይታይዎታል።

አሁን ወደዚያች «አንድ ወረቀት» እንምጣ፤ የጉዳይዎ ቁልፍ ያለው እዚያ ነውና። ባል ሲበደር ሚስት የምትፈርመው ወረቀት በመልኩ ይመሳሰላል፤ በውጤቱ ግን እጅግ ይለያያል። የመጀመሪያው ዓይነት ስምምነት ብቻ ነው፦ ባለቤቴ ይህን ያህል ገንዘብ ቢበደር ወይም የጋራ ቤታችንን መያዣ ቢሰጥ አልቃወምም የሚል። ይህን የፈረመች ሚስት ዕዳው የእሷ አይሆንም፤ ያጣችው ነገር ብድሩን ወይም የተያዘውን ቤት በተመለከተ ኋላ «አላውቅም» የማለት መብቷን ነው። ሁለተኛው ዓይነት ዋስትና ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋስትና በግልጽ መነገርና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ መጠቀስ አለበት፤ ልኩ ያልተጠቀሰበት ዋስትና ዋጋ የለውም። በሰነዱ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚሉ ቃላት ካሉ ልብ ይበሉ፤ ባንኩ ባለቤትዎን ቀድሞ ሳይከስስ በቀጥታ ወደ እርስዎ መምጣት ይችላል ማለት ነው። ሦስተኛው ዓይነት ተባባሪ ተበዳሪነት ነው፤ በብድር ውሉ ላይ «ተበዳሪዎች» ከሚለው ቃል ሥር ስምዎ ከባለቤትዎ ስም ጎን ከተጻፈ፣ ብድሩ ለሲሚንቶ ይዋል ለብረት፣ በሕግ ዓይን የእርስዎም ብድር ነው። ከእነዚህ ሌላ ደግሞ የራስዎን የካ አባዶ ቤት ለባለቤትዎ ዕዳ መያዣ አድርገው ሰጥተው ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ዕዳው የእርስዎ ባይሆንም ቤቱ እስከ ተያዘበት ገንዘብ ልክ ይጠየቃል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ውስጥ ብድሩን የሰጠውን ቅርንጫፍ በጽሑፍ ይጠይቁ፦ በፊርማዬ የተያያዙ ውሎችና የዋስትና ሰነዶች ሁሉ ቅጂ ይሰጠኝ ብለው። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱን ገቢ አስደርገው፣ ማኅተምና ቀን የተደረገበትን ሌላውን ይዘው ይመለሱ። ውሉ ውልና ማስረጃ ቀርቦ የተረጋገጠ ከሆነም ተዋዋይ እስከሆኑ ድረስ ቅጂውን ከዚያ መጠየቅ ይችላሉ። በቃል የሚሰጥዎትን «አይ፣ እርስዎ የፈረሙት እኮ ለፎርማሊቲ ነው» የሚል ማጽናኛ አይቀበሉ። በብድር ክፍል በነበርኩበት ዘመን ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ፍርድ ቤት የሚያነበው ግን ሰነዱን ነው።

ባለቤትዎ ሊያደርጉት ስላሰቡት ነገር ጥቂት ልበል። የመክሰር ሥርዓት በአገራችን በንግድ ሕጉ የሚመራ ሲሆን፣ በ1952ቱ ሕግ ሥር የነበረው ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቷል፤ የሚመለከተውም ነጋዴንና የንግድ ማኅበርን ነው። ባለቤትዎ የሠሩት ኃላፊነቱ በተወሰነ የግል ማኅበር ስም ቢሆን ኖሮ፣ በግላቸው ዋስ ካልሆኑ በቀር ዕዳው በመርህ ደረጃ በማኅበሩ ንብረት ተወስኖ ይቀር ነበር። በግል የንግድ ፈቃድ ለሠራ ሰው ግን በመደብሩ ሣጥንና በቤቱ ሣጥን መካከል በሕግ የተሠራ ግድግዳ የለም። ውሳኔው ሲሰጥ ገንዘብ ጠያቂዎች እያንዳንዳቸው ንብረቱን መቀራመታቸው ቀርቶ ሁሉም በአንድ መዝገብ እንዲስተናገዱ ይደረጋል፤ ይህ ለባለቤትዎ እፎይታ ነው። እፎይታው ግን ለዋስና ለተባባሪ ተበዳሪ አይተርፍም። ባንኩ ከከሰረው ሰው ያጣውን ከዋሱ የመጠየቅ መብቱ እንዳለ ይቆያል፤ እንዲያውም ፊቱን ወደ እርስዎ የሚያዞረው ያን ጊዜ ነው። በመያዣ የተያዘ ንብረት ካለ ደግሞ፣ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ እንደሚችል አይዘንጉ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከደረሰዎ የመጀመሪያዋን ቀን እንኳ ሳያባክኑ የሕግ ሰው ያማክሩ።

አዲሱ ንግድ ሕግ ከመክሰር በፊት ከገንዘብ ጠያቂዎች ጋር የሚደረግ ስምምነትንና መልሶ ማደራጀትንም አካቷል፤ ባንኮችም በራሳቸው መንገድ ብድር ያሸጋሽጋሉ። ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ ከመክሰር የተሻለ ነው፤ ለባለቤትዎም ሊጠቅም ይችላል። ሆኖም ከሁሉ በላይ የምሰጋልዎ እዚህ ላይ ነው። ብድር ሲሸጋሸግ አዲስ ውል ይፈረማል፤ ባንኩም ያልተማመነበትን ብድር ሲያራዝም ተጨማሪ ዋስትና ይጠይቃል፤ ቅርብ ሆና የምትገኘው ደመወዝተኛ ሚስት ናት። አንዲት ደንበኛዬ በመጀመሪያው ብድር ላይ የፈረመችው የስምምነት ወረቀት ብቻ ነበር፤ ብድሩ ከተበላሸ በኋላ ግን ባሏን ከጭንቀት ለማውጣት ስትል በማሸጋሸጊያው ውል ላይ በአንድነትና በነጠላ ዋስ ሆነች። ከስድስት ወር በኋላ የተሸጋሸገውም ብድር ቆመ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ምንም ያልነካው ስሟ በዚያች አንዲት ፊርማ ተያያዘ። ሚስት ባሏን በመከራው ቀን መርዳቷ የሚያስመሰግን ነው፤ እኔም አልነቅፋትም። እርዳታው በዋስትና ፊርማ ከሚሆን ይልቅ ግን በአቅም ልክ በሚከፈል ገንዘብ ቢሆን፣ ከቤቱ ቢያንስ አንድ ሰው ነገ መበደር የሚችል ሆኖ ይቀራል። በዚህ ወር «ብድሩ እንዲራዘም እዚህ ጋ ፈርሚ» የሚል ወረቀት ቢመጣ፣ ቤት ይዘውት ሄደው ሳያነቡትና ሳያማክሩ አይፈርሙ።

ወደ ንብረት ስንመጣ የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 70 ይገዛናል። የአንዱ ተጋቢ የግል ዕዳ የሚከፈለው አስቀድሞ ከባለዕዳው የግል ንብረት ነው፤ ያ ካልበቃ ከጋራ ንብረት ይከፈላል። የእርስዎ የግል ንብረት በዚህ ዓይነቱ ዕዳ አይነካም። ዕዳው ለትዳር ጥቅም የተደረገ ከተባለ ግን የሁለታችሁም የአንድነትና የነጠላ ዕዳ ስለሚሆን ከግል ንብረትዎም ሊጠየቅ ይችላል። የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና የመሳሰለው ያለ ጥርጥር እዚህ ውስጥ ይገባል፤ የሱቅ ብድር ግን አከራካሪ ነው። ባንኩ መደብሩ ቤተሰቡን ያኖር ነበር ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ እርስዎ ደግሞ ገንዘቡ የገባው ለዕቃ መግዣ መሆኑን፣ የቤቱ ወጪ በአብዛኛው በደመወዝዎ ይሸፈን እንደነበር በማስረጃ ማሳየት ይኖርብዎታል። የደመወዝ ወረቀቶችንና የትምህርት ቤት ደረሰኞችን ሰብስበው ቢያስቀምጡ ያኔ ዋጋ ያወጣሉ።

የካ አባዶ ያለው ቤትዎ ከጋብቻ በፊት የእርስዎ ስለነበረ በአንቀጽ 57 መነሻነት የግል ነው ብለው ይከራከራሉ። ነገር ግን ሁለት ነገር ይጠብቅዎታል። አንደኛው፣ በስምዎ ብቻ የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግል መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ አንቀጽ 63 የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። ሁለተኛው፣ ከጋብቻ በኋላ የከፈሉት ወርኃዊ ክፍያ ከደመወዝ የመጣ ነው፤ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ደመወዝ ደግሞ በሕጉ የጋራ ሀብት ነው። ስለዚህ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ከክርክር ነጻ ነው ብዬ ላሞኝዎ አልፈልግም። የዕጣ ማስረጃውን፣ የመጀመሪያውን የባንክ ውል፣ ከጋብቻ በፊት የከፈሉበትን ደረሰኝና የጋብቻ የምስክር ወረቀቱን በአንድ ላይ ያኑሩ። ቤቱ ለባለቤትዎ ዕዳ ተብሎ በፍርድ አፈጻጸም ቢያዝ፣ ንብረቱ የእኔ ነው የሚል ተቃውሞ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 418 መሠረት ማቅረብ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ዳኛው የሚጠይቀው እነዚህኑ ወረቀቶች ነው።

እዚህ ላይ ለከተማችን ዳርቻ ነዋሪዎች ሁሉ የምነግረው ጉዳይ አለ። የጠቀስኳቸው የቤተሰብ ሕግ አንቀጾች በአዲስ አበባ ከተማ የሚሠራው የፌዴራሉ ሕግ ናቸው። ለገጣፎ ግን እንደ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ሁሉ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር፣ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው፤ ክልሉም የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ቤትዎ አዲስ አበባ፣ ኑሮዎ ለገጣፎ መሆኑ የትኛው ፍርድ ቤት ጉዳዩን ያያል፣ የትኛውስ ሕግ ይሠራል የሚል ጥያቄ ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ጠበቃ ሲይዙ ይህን በመጀመሪያው ቀን ያንሱለት።

ባለቤትዎ እርስዎ ሳያውቁ የተበደሩት ወይም ዋስ የሆኑበት ገንዘብ ካለ የጊዜ ገደብ አለብዎ። ያለ ስምምነትዎ የተገባ ግዴታ እንዲፈርስ በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 69 መጠየቅ የሚቻለው፣ መኖሩን ካወቁበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ነው፤ በማናቸውም ሁኔታ ግን ግዴታው ከተገባ 2 ዓመት ካለፈ አይቻልም። ስለዚህ ከባለቤትዎ ጋር ዛሬ ማታ ቁጭ ብለው፣ ሳይወቃቀሱ፣ ዕዳ ሁሉ ከነቀኑ በወረቀት ይጻፍ። የአራጣ ገንዘብም፣ የዘመድ ብድርም፣ እቁብም አይቅር። እቁቡን የማነሣው በምክንያት ነው፤ ባለቤትዎ ዕጣ ወጥቶላቸው ገንዘቡን ሲያነሡ ዋስ የሆኑት እርስዎ ከሆኑ፣ የቀረው መዋጮ በባንክ መዝገብ ላይ ባይታይም በሰፈር ስምዎ ላይ ይታያል፤ ጸሐፊው ዘንድ ሄደው በትንሽ በትንሹ ለመጨረስ ቀድሞ መነጋገር ይሻላል።

የባንክ ሒሳብዎን በተመለከተ፣ ደመወዝዎ በስምዎ ብቻ በተከፈተ ሒሳብ እንዲገባ ያድርጉ፤ ሕጉ ተጋቢዎች ገቢያቸውን በየግል ሒሳባቸው እንዲያስቀምጡ ይፈቅዳል። ይህ ደመወዙን የግል ሀብት አያደርገውም፤ ነገር ግን የቤት ዕዳዎ በቀኑ እንዳይከፈል የሚያደናቅፈውን መሰናክል ያስወግዳል። በተለይ የቤቱን ብድር ባለቤትዎ ብድር ካለባቸው ባንክ የጋራ ሒሳብ ላይ የሚከፍሉ ከሆነ፣ ገንዘቡ ለእሳቸው ዕዳ ተቀናንሶ የእርስዎ ክፍያ ሊስተጓጎል ይችላል። አንድ ብድር 90 ቀን ሳይከፈል ሲቀር ከተበላሹ ብድሮች ይመደባል፤ እርስዎ ግን 90 ቀንን እንደ ፈቃድ አይቁጠሩት፣ ከቀኑ አያሳልፉ። የጋራ ቼክ ካላችሁ በቶሎ ለባንኩ መልሱ። ነጋዴዎች ለመተማመኛ ብለው ቀኑ ያልደረሰ ቼክ የሚሰጣጡበት ልማድ ብዙ ቤት አፍርሷል፤ በቂ ስንቅ፣ ማለትም በሒሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስቀጣል፤ ፈራሚው እርስዎ ከሆኑ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት። ፈርመው ባዶ ያስቀመጡት ቼክ ካለ ዛሬውኑ ያጥፉት።

በወረቀት ስለመፋታት የተሰጠዎትን ምክር በግልጽ እቃወማለሁ። በጋብቻ ውስጥ የተገባ ዕዳ በፍቺ አይጠፋም፤ ዋስ ሆነው የፈረሙትም ፊርማ ከፍቺ በኋላ እንዳለ ይቆማል። ከመክሰሩ በፊት በነበረው ጊዜ ንብረት ከባል ወደ ሚስት ቢዛወር፣ ገንዘብ ጠያቂዎችን ለመጉዳት የተደረገ ነው ተብሎ ሊሻር ይችላል፤ ያኔ ንብረቱን ከማጣት አልፈው በፍርድ ቤት የመታመን ዕድልዎን ያጣሉ። ባልና ሚስት በመካከላቸው የሚያደርጉት ውልም ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ውጤት የለውም፤ ስለዚህ «ዕዳው የእኔ ብቻ ነው» ብለው ባለቤትዎ ቢፈርሙልዎት ባንኩን አያግደውም። ትዳራችሁ በእውነት ካልፈረሰ፣ ለዕዳ ብላችሁ አታፍርሱት።

የመጨረሻው ጥያቄዎ የመሥሪያ ቤትዎ የቁጠባና ብድር ማኅበር ነው። ብድሩ ባጠራቀሙት ቁጠባና በሥራ ባልደረቦችዎ ዋስትና ላይ የቆመ እስከሆነ ድረስ፣ የባለቤትዎ መክሰር በራሱ አያግድዎትም፤ የማኅበሩ መተዳደሪያ የትዳር ጓደኛን ስምምነት የሚጠይቅ ከሆነ ግን አስቀድመው ይወቁት። እኔ የምጠይቅዎ ብድሩ ለምን እንደሚውል ነው። ለባለቤትዎ ዕዳ መክፈያ ከሆነ፣ ከላይ የተነጋገርንበትን የዋስትና ሰነድ በእጅዎ ሳያስገቡ አይበደሩ፤ ምናልባት ሕግ የማይጠይቅዎትን ዕዳ ለመክፈል ደመወዝዎን ታስይዙ ይሆናል። ዋስ ሆነው ከተገኙ ደግሞ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከደመወዝዎ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ጠቅላላ ገንዘብ ከወር ደመወዝዎ አንድ ሦስተኛ መብለጥ ስለማይችል፣ በማኅበሩ ብድርና በፍርድ ቤት ትእዛዝ መካከል የሚቀርልዎትን አስልተው ይወስኑ። ለእርስዎ ዋስ የሚሆኑት ባልደረቦችዎም የቤትዎን ሁኔታ ከእርስዎ አፍ ሰምተው ይፈርሙ፤ ብድሩ ቢቆም ከእነሱም ደመወዝ እንደሚቆረጥ ታውቃላችሁና።